በሰዓት ስንት ሳይሆን ስንት ሰዓት?

ውጭ አገር ሥራ ለያዘ ሰው ከአገር ቤት የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «በሰዓት ስንት ይከፍሉሃል?» የሚል ነው። መልሱ 17 ዶላር ከሆነ ጠያቂው ስልኩን ሳይዘጋ በልቡ ማባዛት ይጀምራል። 17 በ8 ሰዓት፣ ከዚያ በ5 ቀን፣ ከዚያ በወር፣ መጨረሻ ላይ በብር ምንዛሪ። ስሌቱ አንድ ጉድለት ብቻ አለበት። ስምንቱን ሰዓት የሰጠ ማንም የለም።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ የምትኖር አንዲት የሁለት ልጆች እናት ይህን ጥያቄ ከታናሽ እህቷ፣ ከአክስቷ ልጅ፣ አዲስ አበባ ባንክ ቤት አብራት ከሠራች ጓደኛዋም ሰምታዋለች። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዐሥራ ሰባት»። አልዋሸችም፤ ቼኳ ላይ ያለው ቁጥር እሱ ነው። ያልተጠየቀችውና እሷም በራሷ የማታነሳው ነገር ባለፈው ሳምንት 11 ሰዓት፣ ከዚያ በፊት በነበረው 9 ሰዓት፣ ሐምሌ ውስጥ በአንዱ ሳምንት ደግሞ 4 ሰዓት ብቻ መሥራቷን ነው። ወይም በትክክል ለመናገር፣ የተከፈላት ለዚያን ያህል ሰዓት ብቻ መሆኑን ነው። የሠራችው ሌላ ቁጥር ነው።

ሥራዋ መርቻንዳይዚንግ ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሱፐርማርኬት ገብቶ የአንድ ሳሙና ወይም ጭማቂ ኩባንያ ቲሸርት የለበሰ ወጣት ዕቃ ሲደረድር ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ወጣቱ የሱፐርማርኬቱ ሠራተኛ አይደለም፤ የዕቃው ባለቤት የላከው ነው። እሷ የምትደረድረው የመልካም ምኞት ካርድ ነው፤ በእኛ አፍ «ፖስት ካርድ» የሚባለው። በአሜሪካ ፋርማሲዎችና ትልልቅ መደብሮች ውስጥ አንድ ሙሉ መተላለፊያ ለዚህ ይሰጣል። ለልደት፣ ለሠርግ፣ ለሐዘን፣ ለታመመ፣ ለወለደች፣ ለተመረቀ፣ ለአማት ሳይቀር ካርድ አለ። እያንዳንዱ የካርድ ኪስ ቁጥር አለው፤ ከመደርደሪያው ሥር ባሉት መሳቢያዎች ትርፉ ይቀመጣል። ሕፃን የቀደደው ይለቀማል፣ ገዢ አንብቦ በሌላ ኪስ የወሸቀው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ፖስታው የጠፋበት ይወጣል፣ ያለቀው ይታዘዛል።

በዓል ሲቃረብ ደግሞ ፕላኖግራም የሚባል የመደርደሪያ ካርታ ይመጣል። የትኛው ካርድ በስንተኛው ረድፍ፣ በስንተኛው ኪስ እንደሚገባ በሥዕል ያሳያል። የእናቶች ቀን በሜይ ሁለተኛው እሑድ ይውላል። ሰኞ ጠዋት ያልተሸጠው ሁሉ ተነቅሎ፣ ተቆጥሮ፣ በካርቶን ታሽጎ መውጣት አለበት፤ በቦታው የአባቶች ቀንና የምረቃ ካርድ ይገባል። ከእናቶች ቀን በፊት በነበረው ሳምንት 31 ሰዓት ሠርታለች። በዓመቱ ትልቁ ቼኳ ያ ነበር። ልጆቿ በዕለቱ ለእሷ ካርድ አልገዙላትም፤ ቤቱ በካርድ ካርቶን ተሞልቶ ስለነበረ ትዝ ያላቸውም አይመስልም።

ሥራው በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ይህን ሳይሉ ማለፍ ደግ አይሆንም። ማንም አይጮህባትም። አንድ ጆሮዋ ላይ መዝሙር ሰክታ፣ ዝብርቅርቁ የወጣ መደርደሪያ ከእጇ ሥር መልክ ሲይዝ ማየት ደስ ይላታል። ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ሌሊት ከመቀመጥ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ወገብ እስኪቆረጥ ሰው ከማንሳት ይሻላል። ባሏ ሌሊት ስለሚሠራ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምትቀበለው እሷ ናት፤ «ጊዜሽን ራስሽ ታመቻቺያለሽ» ሲሏት የገባችውም ለዚህ ነው። ችግሩ ያለው በካርዱም በመደርደሪያውም አይደለም። ሰዓቱ ላይ ነው።

ለምንድን ነው መደብሩ የራሱን መደርደሪያ በራሱ ሠራተኛ የማያስደረድረው? በካርድ ንግድ ውስጥ ካርዱ ካሸር ጋ ደርሶ ባር ኮዱ እስኪነበብ ድረስ የአቅራቢው ንብረት ሆኖ የሚቆይበት አሠራር የተለመደ ነው። መደብሩ ግድግዳውን ይሰጣል እንጂ ለዕቃው አስቀድሞ አይከፍልም፤ መደርደሩም የአቅራቢው ጣጣ ይሆናል። አቅራቢው በበኩሉ በየከተማው ሠራተኛ ቀጥሮ ማስተዳደር ስለሚከብደው ለሌላ ተቋራጭ ኩባንያ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ተቋራጩ ውሉን ያሸነፈው በዝቅተኛ ዋጋ ስለሆነ ለእያንዳንዱ የመደብር ጉብኝት የተቆረጠ ደቂቃ ይመድባል። ወጪው እንዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንከባለል ይወርድና መጨረሻ ላይ ወደ ማንም የማይገፋበት ቦታ ይደርሳል፤ የአንዲት ሴት መኪና ውስጥ፣ የወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ።

አንድ ተራ ማክሰኞ ይቆጠር።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ15 ከቤት ትወጣለች። የመጀመሪያው መደብር ዉድብሪጅ ነው፤ 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ አይከፈልም። የዕቃ መረከቢያው በር እስኪከፈትላትና የእንግዳ መዝገብ እስክትፈርም 10 ደቂቃ ትቆማለች፤ እሱም አይከፈልም፤ ሰዓት የሚጀምረው ስልኳ ላይ ያለውን አፕ መደርደሪያው ፊት ቆማ ስትነካው ነው። የተመደበላት 1 ሰዓት ነው፤ በ1 ሰዓት ትጨርሳለች። ወደ ዳምፍሪስ 25 ደቂቃ ትነዳለች። አፑ ግን መንገዱን በካርታ አስልቶ 15 ደቂቃ ይላል፤ የሚከፈላት 15ቱ ነው። በኢንተርስቴት 95 ላይ በጠዋት ነድቶ የማያውቅ ካርታ ብቻ ነው እንዲህ ሊል የሚችለው።

ዳምፍሪስ ስትደርስ እንድትተክለው የተላከው የካርቶን ማሳያ የለም። መጋዘን ገብታ ትፈልጋለች። አንዱን ሠራተኛ ትጠይቃለች፣ ሌላውን እንድትጠይቅ ይነግራታል፤ ሌላው እረፍት ላይ ነው። የመደብሩ ሰዎች ባለጌ ሆነው አይደለም፤ እነሱም በሰው እጥረት እየተሯሯጡ ናቸው፤ እሷ ደግሞ የቤቱ ሰው አይደለችም። ከ30 ደቂቃ በኋላ «ዕቃው አልተገኘም» የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጋ ትወጣለች። ላልተሳካ ጉብኝት የሚከፈለው 15 ደቂቃ ነው። ሦስተኛው ዴል ሲቲ፤ 20 ደቂቃ ትነዳለች፤ በካርታው 15። እዚያ የተመደበላት 1 ሰዓት ተኩል፣ የፈጀባት 2 ሰዓት። ትርፍ ደቂቃ ለማስመዝገብ ቀድሞ ሱፐርቫይዘሯን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ሱፐርቫይዘሯ በዚያ ሰዓት ስልክ አላነሳችም። ወደ ቤት 45 ደቂቃ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከሥራ በፊትና በኋላ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ትጭናለች፣ ጥያቄዎቹን ትሞላለች፣ የነገውን መመሪያ ታነባለች። 30 ደቂቃ።

ሲደመር 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። የተከፈለው 3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። በ17 ዶላር ሲባዛ 55 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ይህ ለጠቅላላው ጊዜ ሲካፈል በሰዓት 8 ዶላር ከ72 ሳንቲም ይመጣል። «ከቤት ወደ ሥራ መሄድና መመለስ የማንም ሠራተኛ ዕዳ ነው» የሚል ቢኖር፣ እሺ ይቀነስ፤ 85 ደቂቃው ወጥቶ በሰዓት 11 ዶላር ከ24 ይሆናል። በ2025 እ.ኤ.አ. የቨርጂኒያ ዝቅተኛ ደመወዝ 12 ዶላር ከ41 ነበር።

መኪናዋ ገና አልተነሳም። በዚያ ቀን 52 ማይል ነድታለች። ኩባንያው የሚከፍለው በመደብሮች መካከል ላለው 14 ማይል ብቻ፣ በማይል 35 ሳንቲም ነው፤ 4 ዶላር ከ90። የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት በ2025 አንድ መኪና ለሥራ ሲነዳ በማይል የሚያስወጣውን 70 ሳንቲም ብሎ ነበር ያሰላው፤ ነዳጁን፣ ጎማውን፣ ኢንሹራንሱን፣ እርጅናውን ጨምሮ ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ የማክሰኞው መንገድ 36 ዶላር ከ40 በልቷል። ከ55 ዶላር ገቢ ላይ።

ሕጉ ምን ይላል? መልሱ ብዙ ሰው ከሚገምተው የተሻለም የከፋም ነው።

የአሜሪካ የሥራ ሰዓትና የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ በ1938 ሲወጣ «ሥራ» ምን እንደሆነ በዝርዝር አልተረጎመም። በ1946 ሚሺጋን የሚገኙ የአንድ የሸክላ ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኞች ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰዓት መፈረሚያውን አልፈው እስከ ሥራ ቦታቸው የሚራመዱበትና የሚዘጋጁበት ጊዜ አይከፈላቸውም ነበር። ፍርድ ቤቱ ይከፈላቸው አለ። በዚያ የተነሳ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር የይገባኛል ክስ በመላ አገሪቱ ጎረፈ፤ አሠሪዎች ጮኹ፤ ኮንግረስም በ1947 ፖርታል ቱ ፖርታል የተባለውን ሕግ አወጣ። ከቤት ወደ ሥራ የሚደረግ ጉዞ፣ ከዋናው ሥራ በፊትና በኋላ ያለ መሰናዶ አይከፈልም ተባለ። ዛሬም ድረስ ክርክሩ የሚሽከረከረው በዚያች የ1947 ሕግ ዙሪያ ነው። በ2014 የአማዞን መጋዘን ውስጥ በተቋራጭ በኩል የተቀጠሩ ሠራተኞች ሥራ ጨርሰው ሲወጡ ለፍተሻ የሚሰለፉበት ወደ 25 ደቂቃ እንዲከፈላቸው ጠየቁ፤ ዘጠኙም ዳኞች አይከፈልም አሉ። በተቃራኒው በ2020 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአፕል መደብር ሠራተኞች ቦርሳቸው እስኪፈተሽ የሚቆሙበት ጊዜ በግዛቱ ሕግ የሥራ ሰዓት ነው ብሏል። እንግዲህ አንድ ዓይነት ሰልፍ በአንዱ ግዛት ገንዘብ ነው፣ በሌላው ባዶ አየር ነው።

የመርቻንዳይዘሯ ጉዳይ ግን ከሰልፍ ይለያል። በሥራ ቀን መሐል ከአንዱ የሥራ ቦታ ወደ ሌላው የሚደረግ ጉዞ የሥራ ሰዓት እንደሆነ የፌዴራሉ ደንብ በግልጽ ይናገራል። ደንቡ ስለ ጉዞው ጊዜ እንጂ ስለ ካርታው ግምት አያወራም። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራም አሠሪው እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው ካሠራ ይቆጠራል፤ ፎቶ ካልተጫነ ጉብኝቱ እንዳልተጠናቀቀ የሚቆጥር ኩባንያ ደግሞ አላወቅሁም ማለት ይከብደዋል። ዕቃ ፍለጋው፣ ትርፍ 30 ደቂቃውም እንዲሁ። ስለዚህ በወረቀት ላይ አብዛኛው የእሷ ነው።

የከፋው ደግሞ ይኸውና። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከጁላይ 2009 ጀምሮ ሳይነቃነቅ 7 ዶላር ከ25 ላይ ተቀምጧል። ብዙ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በሚከተሉት ስሌት መሠረት፣ ሠራተኛው በሳምንት 40 ሰዓት እስካላለፈ ድረስ፣ የሳምንቱ ጠቅላላ ክፍያ ላልተከፈሉት ሰዓታት ጭምር ሲካፈል ከ7.25 በላይ ከመጣ የዝቅተኛ ደመወዙ ሕግ አልተጣሰም። የእሷ 11 ዶላር ከ24 ይህን ወለል ዘልሎ ያልፋል። ማለትም በ17 ዶላር የተቀጠረን ሰው ጊዜውን ሲሶ ያህል በነፃ አሠርቶ የፌዴራሉን ዝቅተኛ ደመወዝ አለመንካት ይቻላል። የሚያድናት የግዛቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ነው። ዝቅተኛ ደመወዛቸውን ከፌዴራሉ ያላስበለጡ ግዛቶች ደግሞ ጥቂት አይደሉም፤ እዚያ ለሚኖር ሠራተኛ ይህ በር ዝግ ነው።

እዚህ ላይ ለአገር ቤት አንባቢ አንድ ነገር ልብ ማለት ይጠቅማል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን ሲተረጉም ሠራተኛው ሥራውን በትክክል የሚሠራበትን ጊዜ ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ይጨምራል። በቃል ደረጃ ከአሜሪካው የሰፋ ነው። የግል ዘርፉ ግን የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለውም፤ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነገሩን ለወደፊት ትቶታል። አንዱ አገር ሰዓቱን ሰፋ አድርጎ ቆጥሮ ዋጋውን ተወው፤ ሌላው ዋጋ ቆርጦ ሰዓቱን አጠበበው። የአዲስ አበባው ባለ ቲሸርት ወጣትና የአሌክሳንድሪያዋ እናት ቢገናኙ የሚያወሩት አያጡም።

ሕጉ ከእሷ ጋር ከሆነ ለምን አትጠይቅም? አንድ ሰው ይህን ከጠየቀ የሥራውን ሁለተኛ ግማሽ፣ ማለትም የሰዓቱን ማነስ ገና አላየውም ማለት ነው።

ሰዓቱ ለምን እንደሚያንስ ሲጠየቅ ብዙዎች የጤና መድኅን ሕጉን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ በሳምንት በአማካይ 30 ሰዓት ለሚሠራ ሰው መድኅን ካላቀረበ ቅጣት ሊመጣበት ይችላል፤ በዚህ ምክንያት 29 ሰዓት ላይ የሚቆሙ ሥራዎች አሉ። ነገር ግን 11 ሰዓት የሚሠራ ሰው ከ30 በጣም ሩቅ ነው፤ እሱን ያስቀረው መድኅኑ አይደለም። ለኩባንያው የሚሻለው በአንድ አካባቢ 30 ሰዓት የሚሠሩ አራት ሰዎች ሳይሆን 12 ሰዓት የሚሠሩ ዐሥር ሰዎች መያዝ ነው። በበዓል ሳምንት ዐሥሩም ይጠራሉ፤ በሐምሌ ዐሥሩም ቤታቸው ይቀመጣሉ። ሥራ የሌለበትን ሳምንት ኪሳራ የሚሸከመው ሠራተኛው ነው። ሌላም ይቀርበታል። ሠራተኛ ሲታመም ወይም ስትወልድ ቦታዋን ጠብቆ የሚያቆይላት የፌዴራል የፈቃድ ሕግ በ12 ወር ውስጥ 1,250 ሰዓት መሥራትን ይጠይቃል። በሳምንት 11 ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ቢሠራ 572 ነው።

«ሌላ ሥራ ትጨምርበታ!» ይባላል። ሞክራለች። አንድ ዳቦ ቤት በሳምንት ሦስት ጠዋት ሰጥቷት ነበር። መርቻንዳይዚንጉ ግን መርሐ ግብሩን የሚልከው ሐሙስ ማታ ለሚቀጥለው ሰኞ ነው፤ አንዳንዱ ጉብኝት ደግሞ መደብሩ ከመከፈቱ በፊት ካልሆነ አይሠራም። ሁለት ጊዜ ተጋጨባት፤ ዳቦ ቤቱ በሦስተኛው አመሰግናለሁ አላት። ሙሉ ሰዓት እየፈለጉ በጎደለ ሰዓት የሚሠሩትን የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ «በኢኮኖሚ ምክንያት በከፊል ሰዓት የሚሠሩ» ብሎ ይመዘግባቸዋል፤ በ2024 ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ሲያትል ከ2017፣ የኦሪገን ግዛት ከ2018 ጀምሮ ትልልቅ ቸርቻሪዎች መርሐ ግብር አስቀድመው እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አላቸው። ቨርጂኒያ የላትም። ወንዙን ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለሥራ የተጠራ ሰው ቢያንስ የ4 ሰዓት ክፍያ እንዲያገኝ የሚል ደንብ አለ፤ መጀመሪያውኑ ከዚያ ባነሰ ሰዓት ካልተመደበ በስተቀር። ይህቺ «በስተቀር» ደግሞ የመርቻንዳይዘርን ጉብኝት እንዳለ ትውጠዋለች።

እንግዲህ ጥያቄው ይኸው። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው ቅሬታ ቢያቀርብ ኩባንያው ወይ ይሰማዋል ወይ ያባርረዋል። ማባረር ቀንና ምክንያት አለው፤ ወረቀት ይተዋል፤ ጠበቃ ይይዘዋል። የሰዓት ሥራ የሚጠብቅን ሰው ግን ማባረር አያስፈልግም። መርሳት ይበቃል። አፑ ይከፈታል፤ «በዚህ ሳምንት የተመደበልዎ ጉብኝት የለም» ይላል። መብቱን የጠየቀ ሠራተኛን መበቀል በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ነገር ግን ባለፈው ወር 9፣ ካቻምና በሐምሌ 4 ሰዓት ለነበረው ሰው አሁን 5 ሰዓት መሆኑ በቀል ነው ወይስ ወቅቱ ነው? የሰዓቱ መዋዠቅ ራሱ ለኩባንያው ማስረጃ አጥፊ ሆኖ ያገለግላል። ለዚህ ነው የሰዓት ማነስና ያልተከፈለ ሰዓት ሁለት ችግር የማይሆኑት። የመጀመሪያው ባይኖር ሁለተኛው አንድ ወር አይቆይም ነበር።

ይህን ያስረዷት በቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው አንድ ሽማግሌ ናቸው። አሁን ታክሲ ይነዳሉ፤ አዲስ አበባ በነበሩበት ዘመን የፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ነበሩ። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ሲጠጣ ነገሩን አጫወተቻቸው።

«ጋሼ፣ እኔን ማን ይሰማኛል? አሥራ አንድ ሰዓት ለምትሠራ ሴት?» አለቻቸው።

«የኔ ልጅ፣ እንዲሰሙሽ አይደለም መጀመሪያ። ጻፊ። ቀን፣ የወጣሽበት ሰዓት፣ የደረስሽበት ሰዓት፣ ማይል። በየቀኑ፣ በዚያው ቀን። የሰው ቃል ይረሳል፤ ደብተር አይረሳም» አሏት።

ሽማግሌው ሳያውቁት የነገሯት የዚያኑ የ1946 ፍርድ ሌላኛውን ገጽ ነው። የሸክላ ፋብሪካው ውሳኔ የመራመጃ ሰዓቱን ክፍል ኮንግረስ በ1947 ቢያጠብበውም አንድ ነገር ቀርቷል፤ ሰዓት የመመዝገብ ግዴታ የአሠሪው ነው፤ አሠሪው በትክክል ካልመዘገበ ሠራተኛው የያዘው ምክንያታዊ የሆነ የራሱ መዝገብ እንደ ማስረጃ ይቆጠርለታል፤ ያ ስሕተት ነው ብሎ የማስተባበል ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል። የፌዴራሉ ሕግ ወደ ኋላ የሚያየው ሁለት ዓመት ነው፤ ጥሰቱ ሆን ተብሎ ከሆነ ሦስት። ያልተከፈለው ገንዘብ እጥፍ ሆኖ ሊፈረድም ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ ያለውም የሌለውም ሠራተኛ በዝቅተኛ ደመወዝ ሕጉ ይጠበቃል። ይህን የሚያነብብ፣ በመጋዘን፣ በጽዳት፣ በሰው ቤት እንክብካቤ በሰዓት የሚሠራ ሰው ካለ ደብተሩ የሚያስወጣው አንድ ዶላር ነው።

ስምንት ሳምንት ጻፈች። ስትጨርስ አንድ ያላሰበችው ጣጣ ገጠማት፤ ሁሉንም የጻፈችው በሐበሻ ሰዓት ነበር። ከንጋቱ 12 ከ15 ብላ፣ ከረፋዱ 3 ሰዓት ብላ። ሱፐርቫይዘሯ «3 ሰዓት ላይ ሥራ ላይ ነበርሽ?» ብላ ብትጠይቅ ምን ይባላል! ሁለት ማታ ቁጭ ብላ ወደ ፈረንጅ ሰዓት ገለበጠችው። ያም አልተከፈለም፤ በደብተሩም አልገባም።

ኢሜይሉን በጨዋ ቋንቋ ጻፈች። ልጇ እንግሊዝኛውን አስተካከለላት። ሱፐርቫይዘሯ ክፉ ሴት አይደለችም፤ እሷም ሦስት አውራጃ የሚያህል አካባቢ ይዛ፣ በየሳምንቱ «ከመቶ ስንቱ ጉብኝት ተጠናቀቀ» በሚል ቁጥር የምትለካ ሰው ናት። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ። ይቅርታ ተጠየቀች፤ ስሕተቱ የሲስተሙ ነው ተባለ። በካርታውና በእውነተኛው መንገድ መካከል ያለው ልዩነት ለስምንቱም ሳምንት ተሰልቶ 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ተከፈላት፤ 96 ዶላር ከ33 ሳንቲም። የማታው የፎቶና የሪፖርት ሥራ ግን «በጉብኝቱ በጀት ውስጥ የተካተተ ነው» ተብሎ ታለፈ። ስለ ዕቃ ፍለጋው መልሱ ምንም አላለም።

በቀጣዩ ሳምንት የተመደበላት 7 ሰዓት ነበር። ከዚያ 5። ከዚያ 6። ምክንያት ስትጠይቅ ወቅቱ ቀዝቃዛ ነው አሏት፤ ሊሆንም ይችላል፤ ሴፕቴምበር ለካርድ ደካማ ወር ነው። ደብተሯን አላቋረጠችም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት የሰፈሯ ልጅ «እትዬ፣ ይሄ ያንቺ ኩባንያ አይደለም እንዴ? ልሞክረው?» ብላ የሥራ ማስታወቂያ በስልክ ላከችላት። ዉድብሪጅ፣ ዳምፍሪስና ዴል ሲቲ የሚሠራ መርቻንዳይዘር ይፈለጋል ይላል። በሰዓት 17 ዶላር። የራሱ መኪና ያለው።